በዋዝ የሄዱ ሽማግሌዎች

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ክው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ተራ ድንጋጤ ማለቴ አይደለም። ተራ ድንጋጤማ ላስ ቬጋስ ለሚኖር ሰው የዕለት እንጀራ ነው። ጠዋት ሺፍቱ መቀየሩን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪናውን መሪ ሲጨብጥ ይደነግጣል፤ ማታ ልጁን በአማርኛ ጠርቶ በእንግሊዝኛ ሲመለስለት ይደነግጣል። እኔ የምላችሁ ምላስ ከላንቃ የሚጣበቅበትን ነው። ይህን ዓይነቱን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጋግሜ ቀምሼዋለሁ። ቆሌዬ ተገፈፈ ልል ነበር፤ ግን ጴንጤ ነኝ፣ ቆሌ አይፈቀድልኝም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ዋዝ ናት። ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ዋዝ በደርግ ጊዜ የጦር መኮንኖች ይሄዱባት የነበረች የሩሲያ ጂፕ ናት። ቅጠልያ ቀለም፣ የሸራ ጣሪያ፣ ክብ ክብ ዓይን። እኔ ባደግኩበት ሰፈር አንድ ሻምበል ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሾፌራቸው በዋዝ ሊወስዳቸው ሲመጣ የሰፈሩ ውሪ ሁሉ ግር ብለን ወጥተን ወታደራዊ ሰላምታ እንሰጣቸዋለን። ደስ ያላቸው ዕለት እሳቸውም ይመልሱልናል። ጓደኞቼ ፓይለት እሆናለሁ፣ ሐኪም እሆናለሁ ሲሉ የኔ ምኞት እዚያች ጂፕ ውስጥ መቀመጥ ብቻ ነበር። በልጅነት ያማረን ነገር እንደ ኩፍኝ ነው፤ ያኔ ካልወጣልህ ካረጀህ በኋላ ይወጣብሃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይብሳል።

እኔ ላይ የወጣው አሜሪካ ነው። ዳውንታውን ካሉት አሮጌ ካዚኖዎች ባንዱ ሴኩሪቲ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ኬቪን የሚባል ፈረንጅ አለ። ይህ ሰው በወር አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር በረሃ ወርዶ ይዋጋል። እውነተኛ ውጊያ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ሩቅ አገር የተደረገን ጦርነት የድሮውን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የድሮውን መኪና ነድተው፣ ድምፅ ብቻ ያለው ጥይት እየተኮሱ እንደገና ይተውኑታል። ታሪክን ሕያው ማድረግ ነው ይላሉ። እኛ ታሪካችን እንዲተኛልን ስንት ዓመት እንጸልያለን፤ እነሱ የተኛውን ሄደው ይቀሰቅሳሉ።

የኬቪን ቡድን ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ጠላት የለውም። ሁሉም አሸናፊ መሆን ስለሚፈልግ በየወሩ ሃያ ሰው ይሰለፍና የሚያሸንፈው ያጣል። ‘ጠላት የሚሆነን የሩሲያ ጂፕ ያለው ሰው ብናገኝ እኮ ተገላገልን’ ሲለኝ ጆሮዬ ቆመ። በጂፕ ፍለጋ እኔና ኬቪን ስንት ቀን ኢንተርኔት ላይ ካፈጠጥን በኋላ አንድ አዛውንት ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ የተኛች ዋዝ ተገኘች። እንዴት እንደገዛኋት አትጠይቁኝ። ባለቤቴ አስቴርም ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

አስቴር ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች ባንዱ ትሠራለች። በሥራዋ ያላየችው ጉድ ስለሌለ በቀላሉ አትደነግጥም። ዋዝ ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ ግን የያዘችውን ፌስታል ለቀቀችው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ዋዝ ናት።”

“እሱንማ አያለሁ። እዚህ ምን ትሠራለች?”

“ለታሪክ ነው። ከነኬቪን ጋር… ጠላት ሆኜ…”

“ሰው ከጦርነት ሸሽቶ አሜሪካ ይመጣል፤ አንተ አሜሪካ መጥተህ ጦርነት ፍለጋ በረሃ ትወርዳለህ? ደግሞ ጠላት ሆነህ!”

“ክፍት የነበረው ቦታ እሱ ነዋ።”

“ቢያንስ ከሚያሸንፉት ጋር ብትሆን ምን አለበት!”

እውነቷን ነው፤ ግን ዋዟ ተገዝታ ነበር። ስፕሪንግ ቫሊ የምንከራይበት አፓርትመንት አስተዳደር ‘ታንክ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው’ የሚል ደብዳቤ በራችን ላይ ለጠፈብኝ። ታንክ አለመሆኗን በፎቶግራፍ አስደግፌ መልስ ጻፍኩ። ዋዜ በአራተኛው ሙከራ ትነሳለች፣ ተነስታም ታስላለች፤ ሞተሯን ስታጠፋት ደግሞ እሺ ብላ አትጠፋም፤ ትንሽ አጉረምርማ፣ ጧ! ጧ! አድርጋ፣ የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስጩሃ ነው የምትተኛው። እንዲህም ሆኖ እወዳታለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ቅጠልያ ልብሴን ለብሼ፣ ከስክስ ጫማዬን አጥልቄ በቋሚነት መሸነፍ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ሽምግልናው ልውሰዳችሁ። የአስቴር ታናሽ ወንድም ዮናታን ቤተልሔም የምትባል የቤተ ክርስቲያናችንን ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ሁለቱም እዚሁ ያደጉ ነርሶች ናቸው፤ ቢተዋቸው ነገውኑ ይጋባሉ። ነገር ግን አባቷ ጋሽ ደምሴ ‘ልጄን የሚፈልግ በወጉ ሽማግሌ ይላክ፤ እኔ በቴክስት ልጅ አልድርም’ አሉ። ጋሽ ደምሴ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ ደግሞ ፓስተሩም አይመልሳቸውም። ዮናታን ወደኔ መጣ።

“ሽማግሌ ሚንስ ኦልድ ሰው ነው አይደል?” አለኝ። “አንተ ኦልድ ነህ። ፕሊስ ሂድልኝ። እምቢ ካለ አይ ዊል ዳይ፣ ሲሪየስ ነው የምልህ።”

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤዬ እሱ ሆነ።

ሦስት ሆንን። ዋናው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ የተቃረበ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ በሽምግልና ግን የሚስተካከላቸው የሌለ። ሌላው ወንድም ጌታሁን ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ በቀን አሥር ቃል የሚናገር ሰው። ቀጠሮው ቅዳሜ አሥር ሰዓት፤ ሁለቱን ከዳውንታውን አንስቼ የማደርሰው እኔ። ጠዋት ተሸንፌ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ገብቼ፣ ታጥቤ ሱፌን ለብሼ፣ በደኅናው መኪናችን መሄድ ነበር ሐሳቤ።

ጠዋት በሰዓቱ ተሸነፍኩ። ሽንፈቴን ይቀርጽ የነበረው ሰውዬ ግን የካሜራው ባትሪ መሀል ላይ አልቆበት ኖሮ፣ ለታሪክ ሲባል እንደገና እንድሸነፍ ተጠየቅሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሐበሻ ይሉኝታ ሲይዘው ለሽንፈትም እሺ ይላል። ባትሪው እስኪሞላ ጠብቄ፣ ሁለተኛውን ሽንፈት ጨርሼ ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ወርቁ ደወሉ።

“የት ደረስክ?”

“መንገድ ላይ ነኝ” አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የኛ ሰው ለመሄድ ካሰበባት ደቂቃ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።

ደኅናው መኪናችን ሺፍት ከገባችው አስቴር ጋር ነው። ቤቴ ሄጄ ልብስ ከቀየርኩ እናረፍዳለን። በቀጥታ ዳውንታውን ገባሁ። ጋሽ ወርቁና ጌታሁን በሱፍና በከረባት ተሽቀርቅረው፣ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ከነአቧራዬ፣ ከነከስክስ ጫማዬ ከዋዝ ስወርድ ጌታሁን የዕለቱን የመጀመሪያ ቃል ተናገረ።

“ኢየሱስ!”

“ቤት ብቅ ብዬ ልብስ ልቀይር እንዴ ጋሽዬ?” አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ሰዓታቸውን አዩ። “ሽማግሌ ካረፈደ ልጅቱን አልፈለግናትም ማለት ነው። ልጅ የሚጠየቀው በአፍ ነው፣ በልብስ አይደለም። እንካ፣ ይሄን ደርብ።” ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ከላይ የተከበርኩ ሽማግሌ፣ ከወገብ በታች የጦር አዛዥ ሆንኩ።

‘እርስዎ ፊት ይግቡ፣ የለም አንተ ግባ’ ስንባባል አምስት ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ፊት ተቀመጡ። ጌታሁን ከኋላ ሆኖ ቀበቶ ቢፈልግ አጣና ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል፤ ቬጋስ ውስጥ ምንም ብትለብስ ሾው ነው የምትመስለው። ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ ተሸማቀቁ፤ በሦስተኛው መብራት ላይ ግን ለሕዝቡ እጃቸውን እያነሱ ሰላምታ መመለስ ጀምረው ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ደምሴ ቤት ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። ዋዜ አጉረመረመች፤ ጧ! ጧ! ጧ! የመስኮቱ መጋረጃ ተገልጦ ተመለሰ።

በሩን የከፈቱት የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ፀሐይ ናቸው። ፊታቸው ላይ ደም የሚባል የለም። “ግቡ” አሉን። ውስጡ ተሰናድቷል፤ ጠረጴዛው ሞልቷል፤ ቤተልሔም በሐበሻ ቀሚስ ጥግ ላይ ቆማለች። የጋሽ ደምሴ ወንበር ባዶ ነው።

“ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን” አሉ ጋሽ ወርቁ። “አባወራው የሉም?”

“አሁን… አሁን እዚህ ነበረ” አሉ እትዬ ፀሐይ። “ቁጭ በሉ።”

“አንቀመጥም። የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም፤ ወጉ ነው።”

ስለዚህ ቆምን። ቤተልሔም ቤቱን ዞረች። “ዳዲ ባዝሩም ውስጥ የለም” ብላ መጣች። “ጋራዥም የለም።” ወደ ጓሮ የሚያወጣው የመስታወት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ወድቋል። አሥር ደቂቃ ቆምን። ሃያ ደቂቃ ቆምን። የጋሽ ወርቁ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ጌታሁን ደግፈን ያዝናቸው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል፤ ዮናታን ነው። ‘ሰጡ?’ ‘ሄሎ?’ ‘ዋት ኢዝ ሃፕኒንግ?’

በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ጠቆረ። “ገብቶኛል” አሉ። “ፊት ነሱን። ‘ልጄን አልሰጥም’ ብሎ በአንደበቱ መናገር የአባት ወግ ነው፤ ሽማግሌ አስቁሞ በጓሮ መሄድ ግን በዚህ ሁሉ ዘመኔ አላየሁም። እንሂድ ልጆች።”

ቤተልሔም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሐሞቴ ፈሰሰ። በዚህ በር ከወጣን ጋሽ ወርቁ አይመለሱም፤ ጋሽ ደምሴም ደግመው አይቀበሉም፤ የሁለት ልጆች ትዳር እዚህ ምንጣፍ ላይ ሊቀር ነው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት የበሩ ደወል ጮኸ።

ከጓሮ በኩል ጎረቤት የሆኑ አንዲት ፊሊፒናዊት ሴትዮ ናቸው። በጣም በትሕትና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ከረባት ያሰሩ አንድ ሰው በአጥር ዘለው ጓሯቸው ገብተው ከባርቢኪው መጥበሻው ኋላ ተቀምጠዋል። ውኃ ሲሰጧቸው አመስግነው ጠጥተዋል። መኪናው እስኪሄድ ግን አልወጣም ብለዋል፤ ለማንም እንዳይናገሩም ለምነዋቸዋል።

“የትኛው መኪና?” አልኩ እኔ ነፈዙ።

እትዬ ፀሐይ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። “ድምፁን ነው የሰማው” አሉ። “መጋረጃውን የገለጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሳያየው በድምፁ አወቀው። እሱና ታላቅ ወንድሙ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቤት፣ በእንዲህ ያለ መኪና ነው የተወሰዱት። እሱ ተመለሰ። ወንድሙ አልተመለሰም፤ ሬሳውንም አላገኙም። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።”

ክው ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ልምምድ ነበር። ወደ እግሬ አየሁ። ከስክስ ጫማዬ የሰዎቹ ነጭ ምንጣፍ ላይ ቆሟል። እኔ ለሻምበሉ ሰላምታ እየሰጠሁ የተመኘኋት ጂፕ የሌላውን ሰው ወንድም ወስዳ አልመለሰችም፤ እኔ ደግሞ አድሻት፣ ቀለም ቀብቼ፣ ደጃቸው ድረስ አመጣሁላቸው። አፈርኩ። እንደዚያ ዕለት አፍሬ አላውቅም።

“እባብ ያየ በልጥ በረየ” አሉ ጋሽ ወርቁ በቀስታ። “ሂድ፣ አንተው ያመጣኸውን አንተው መልስ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።”

ጫማዬን አወለቅሁ፤ ኮቱንም ቆቡንም አውልቄ በሱሪና በጋቢ ብቻ ሆንኩ። በባዶ እግሬ ዞሬ ስሄድ አስፋልቱ ለበለበኝ፤ ይገባኛል አልኩ። ጋሽ ደምሴ እንደተባለው ከመጥበሻው ኋላ ነበሩ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ አንድ እግራቸው ባዶ ነው።

“ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ነኝ፣ የዮናታን እህት ባል። መኪናዋ የኔ ናት። ይቅር ይበሉኝ።”

“ያንተ? ማን ሰጠህ?” አሉ።

“ማንም። ገዛኋት።”

“ተገደህ ነው?”

“በገዛ ፈቃዴ።”

ይህን ማመን ከሁሉም ነገር ይበልጥ አቃታቸው። “ለምን?” አሉ።

ምን ልበል? በረሃውን፣ ኬቪንን፣ ጦርነቱን ነገርኳቸው። ስናገረው ለራሴም የዕብድ ወሬ መሰለኝ።

“በጦርነት ትጫወታላችሁ?” አሉ።

“አዎ።”

“ሰው ይሞታል?”

“ተመታሁ ብሎ ይወድቃል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ፊሽካ ይነፋል፤ ይነሳል። አቧራውን አራግፎ ሳንድዊቹን ይበላል።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም።”

“አንድም አይቀር?”

“አንድም አይቀር፣ ጋሽዬ።”

የጎረቤቷን የውኃ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ እንደመባነን ብለው፣ “ጋሽ ወርቁስ?” አሉ።

“ቆመዋል።”

“እስካሁን?”

“እስካሁን።”

“ጉልበታቸውስ?”

“አልቋል።”

ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይቻቸው አላውቅም። እጄን ሰጥቼ አነሳኋቸው፤ በፊት ለፊት በር ገባን። ጋሽ ወርቁ እንዳዩአቸው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ወደው ይሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው እስካሁን አልታወቀም። ጋሽ ደምሴ ሮጠው አነሷቸው። የመጣንበት ነገር በወጉ ተነገረ፤ እኛም ተቀመጥን።

“በባህላችን መሠረት” አሉ ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን እያስተካከሉ፣ “‘እንማከርበት፣ ሂዱና ተመለሱ’ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በዚያች መኪና ተመልሳችሁ እንዳትመጡብኝ ልጄን አሁኑኑ ሰጥቻለሁ።”

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ጌታሁን እንኳ እልል አለ። እኔ ዋዟን እሸጣታለሁ ብዬ ወስኜ ስወጣ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። “አትሽጣት” አሉ። “ጨዋታው መቼ ነው?”

በሚቀጥለው ወር ዮናታን በደኅና መኪና ይዟቸው መጣ። ያንኑ ሱፍ ለብሰው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዣንጥላ ይዘው። ዋዜ ስታጓራ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ፤ አልተነሱም። ተኩሱ ተከፈተ። እኔ እንደ ልማዴ ወዲያው ተሸንፌ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆምኩ። ሌሎቹ እየተመቱ ይወድቃሉ። አንድ ጺማም የቧንቧ ሠራተኛ ከጋሽ ደምሴ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ በፊቱ ተደፋ።

ፊሽካው ገና አልተነፋም። ጋሽ ደምሴ ግን ዣንጥላቸውን አስቀመጡና ተነስተው ወደ ጦርነቱ መሀል ገቡ። ኬቪን ‘ሰር! ሰር!’ ብሎ ጮኸ፤ ተኩሱ በድንጋጤ ቆመ። እሳቸው የሚሰሙ አይመስሉም። ከወደቀው ሰው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

“ተነስ” አሉት በአማርኛ።

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ኬቪንን አየ። የሞተ ሰው ያለ ፊሽካ አይነሳም፤ ደንብ ነው።

“ተነስ ወንድሜ፣ በቃ። ቤት እንግባ።”

ሰውዬው ቋንቋው ሳይገባው እጃቸውን ይዞ ተነሳ። ጋሽ ደምሴ የደረቱን አቧራ በመዳፋቸው አራገፉለት። አዙረው ጀርባውን አራገፉለት። ትከሻውን፣ ጉልበቱን፣ ጺሙን ሳይቀር። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ምንም እስከማይቀር ድረስ። ኬቪን ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እኔ ምርኮኛ ነኝና እጄ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።